የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዓምድ

«ዘበኛዋ ላይ ይጻፍ። ምን ትላለች? ማንበብ እንኳ አትችልም።»

ይህን ያለው ወንድሜ ዕዝራ ነው፤ እኔ የሰማሁት ደግሞ ከአልጋዬ ሳልነሳ። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖት ነበር። ጋምቤላ ላይ ቬንትሌተር ሲቆም እንቅልፍም አብሮ ይቆማል፤ ሰው አጎበሩ ውስጥ በላብ እየተገላበጠ ቆርቆሮውን ሲቆጥር ያነጋል። የዕዝራን ክፍልና የእኔን የሚለየው ቺፑድ ነው፣ ቺፑድ ደግሞ ምስጢር አይችልም። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እዚሁ ተጋድሜ ነው። በስልክ የሚያነጋግረው የጣቢያችንን ኃላፊ አቶ ረታን ነበር። አቶ ረታ ኪዳን ከመሄዳቸው በፊት ስልክ መደወል ይወዳሉ፤ የመሥሪያ ቤቱን ጣጣ ጨርሰው በንጹሕ ልብ ለመጸለይ ይመስለኛል። «የለም፣ ዲዛይኑ ምንም የለበትም» አለ ዕዝራ። «የእታለም መዝገብ አለ እኮ። የጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓቱ ኦክስጅን ሁሌም ከአምስት በላይ ነው። ዓሣውን የፈጀችው ጄኔሬተሩን ያላስነሳችው ሴትዮ ናት። ከሰዓት ኮሚቴው ይወስንና እንገላገላለን።»

እታለም የሚለው እኔን ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናቱም አባቱም እኔ ነኝ። ወላጆቻችን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ ከዚያ ጭቃ ወጥቶ ኢንጂነር ሲሆን እልል ብዬ አልቅሻለሁ። አሁን ሁለታችንም ባሮ ዳር ባለው የዓሣ ምርምር ጣቢያ እንሠራለን። ጥናቱ ሁለት ዓመቱ ነው፦ ጥቁር ፕላስቲክ በተነጠፈባቸው ክብ ገንዳዎች ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጤናው ተጠብቆ ያድጋል ወይ የሚል። ጤናው የእኔ ድርሻ ነው፣ ገንዳው የእሱ። ጥሩ ውጤት ከወጣ ያው ገንዳ እየተቀዳ ለሴቶች ማኅበራት ሃያ ቦታ ይሠራል፣ ዕዝራም የዚያ ሁሉ አለቃ ይሆናል። ከትናንት በስቲያ ሌሊት ግን መብራት ጠፋ፤ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተር ቆመ፤ ሲነጋ ከሁሉም ዓሣ በበዛበት በሁለተኛው ገንዳ የነበሩት ሺህ አራት መቶ ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈው ተገኙ። የሌሊት ዘበኛዋ ኛቹዎል ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳት የእሷ ሥራ ነው።

ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ዕዝራ ከክፍሉ ሲወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «እታለም፣ በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?» አለኝ። ወደ ሥራ አልኩት። ሰርቪስ ሁለት ተኩል አይደል እንዴ የሚመጣው አለ፤ ዛሬ በእግሬ ልሂድ አልኩት። አላመነኝም፤ ግን አልጠየቀኝም። በእኛ ቤት የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነው። ትናንት የገዛሁትን ዳቦ ቆርሶ ግማሹን በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝና በሩን ከፈተልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

መንገድ ላይ የሚያንገበግበኝ የእሱ ክፋት አልነበረም፤ «የእታለም መዝገብ» ያላት ቃል ናት። የምሞላው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ «ጠዋት 12 ሰዓት» ይላል። ያ ሰዓት በከንቱ አልተመረጠም። ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ውስጥ ያለ ፍጥረት ሁሉ ኦክስጅን ሲስብ ያድራል፣ ኦክስጅን የሚሠራው የውሃው አረንጓዴ አልጌ ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሠራም፣ የሚተካ የለም፤ ስለዚህ ገንዳ ታሞ እንደሆነ የሚታወቀው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከአምስት በላይ ካነበበ ጤነኛ ነው፣ ከሁለት በታች ከወረደ ዓሣው ይታፈናል። ይህን እኔ ራሴ ለሠልጣኞች አስተምራለሁ። ነገር ግን ጥናቱ ሲጀመር ከተማው ሰላም አጥቶ ነበር፤ ጠዋት ባጃጅ አይንቀሳቀስም፣ ሰው በጨለማ አይወጣም። ሰርቪሱ ሲያደርሰኝ፣ በሦስት ሰዓት፣ ለካሁና አሥራ ሁለት ሰዓት ከሚለው ሥር ጻፍኩት። ለጥቂት ቀን ብዬ ነበር። ሰላም ሲመለስ እኔ ግን አልተመለስኩም፤ እንቅልፉም ጣፈጠኝ፣ ጠያቂም ጠፋ። ቁጥር ፈጥሬ አላውቅም፤ መለኪያው ያለኝን ነው የጻፍኩት። በዚህ ሰበብ ሁለት ዓመት ራሴን አታልያለሁ። በሦስት ሰዓት ፀሐይ ወጥታ ውሃውን ካከመችው በኋላ የማንኛውም ገንዳ ኦክስጅን ከአምስት በላይ ነው።

ገበያው ጫፍ ላይ ሴቶቹ ቲማቲማቸውን በክምር በክምር እየደረደሩ ነበር። ሌሊት ባሮ ላይ ያደሩ አጥማጆች ዓሣቸውን በሣር ገመድ ሰክተው ይዘዋል፤ አንድ መካከለኛ አምባዛ አራት መቶ ብር ጠሩብኝ። «ትናንት ሦስት መቶ አልነበረም እንዴ?» ስል፣ ሻጩ «ትናንት ትናንት ነው» ብሎ ሳቀ። ዓሣ በሞላበት ወንዝ ዳር ዓሣ የሚወደድበት አገር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ድልድዩን ወደ ጎን ትቼ በማንጎዎቹ ሥር ሳልፍ ነፋስ የሚባል የለም፤ ገና ሳይነጋ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ በላይ አርጅቷል። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ።

ጣቢያው ስደርስ አሥራ ሁለት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ኛቹዎል በሩን ከፈተችልኝ። ረጅም ሴት ናት፣ እኔን ለማየት ሁልጊዜ አንገቷን ትሰብራለች። አማርኛዋ ውስጥ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ የለም፤ አቶ ረታንም እኔንም «አንተ» ትላለች፣ እኔንማ የላብራቶሪ ቴክኒሻን መሆኔን እያወቀች «ዶክተር» ነው የምትለኝ። «ዶክተር፣ ዛሬ በጊዜ መጣህ» አለች። መለኪያውን ከቢሮ አምጥቼ ወደ ሦስተኛው ገንዳ ሄድኩ። ሌሊቱን በጄኔሬተር፣ አሁን ደግሞ በተመለሰው መብራት፣ የአየር ሞተሩ ሳይቆም እያጓራ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ፣ ዓሣዎቹ በሙሉ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። የመለኪያውን ጫፍ ከላይ ነከርኩት፤ አንድ ነጥብ ሦስት። ገመዱን እስከ ታች ለቀቅኩት፤ ዜሮ ነጥብ አራት። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አውጥቼ ጠርጌ ደገምኩት። ያው ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች ኛቹዎል ከኋላዬ። «አፍ ያወጣል። ፀሐይ ሲመጣ ይገባል። ነግሬህ ነበር።»

ነግራኛለች። ግንቦት ላይ፣ ከሰርቪስ እንደወረድኩ፣ «ዶክተር፣ ዓሣ ጠዋት ጠዋት አየር ይለምናል» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቄን ለቅቄ «ቁርስ ፈልገው ነው» አልኳት። ለሥራ ባልደረቦቼም እንደ ቀልድ አወራሁት። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ገንዳው ውስጥ ገብቼ ብደበቅ ደስ ይለኝ ነበር። ቅጹን አወጣሁና አሥራ ሁለት ሰዓት ከሚለው ሥር፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ነጥብ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በሦስት ሰዓት ያንኑ ገንዳ ለካሁት፤ አምስት ነጥብ ዘጠኝ። ዓሣዎቹ ታች ወርደው፣ ውሃው ረግቶ፣ ጉብኝት የሚመጣ ሰው ቢኖር ያጨበጭብ ነበር።

ታች ያለው ውሃ ለምን እንደሞተ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። አዲሱ ውሃ በላይ ይገባል፣ በላይኛው ቧንቧ ሞልቶ ይወጣል፤ አሮጌው ውሃ ከዓሣው ኩስና ከተረፈው መኖ ጋር ታች ይከርማል። ዕዝራ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የገንዳውን ሥዕል የሣለው እኛ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በመውጫው ቧንቧ ላይ እንደ ካፖርት የሚለበስ አንድ ሰፊ ቧንቧ ነበረው፣ ከታች ክፍት የሆነ፣ የሚወጣው ውሃ ከሥር እንዲሳብ። ይህ ምንድነው ብዬው «እታለም፣ የገንዳው ኩላሊት ነው» ብሎኛል። ሰፊው ቧንቧ ግን ከተማ ውስጥ ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የምረቃው ቀን ደረሰ፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሪባን ተገዝቷል። ለጊዜው ይቅር ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች።

ምሳ ላይ ከዕዝራ ጋር እንደ ልማዳችን የሠራተኛ ክበቡ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሽሮ መቶ ሃያ ገብቷል፤ ባለፈው ወር መቶ ነበር። አንዱን ለሁለት አዘዝን። ከእንጀራው ዳር ዳር እየቆረሰ መሃሉን ለእኔ ይተዋል፤ ልጅ ሆኖ እኔ አደርግለት የነበረውን ነው። ስለ መብራት አወራን፤ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራን።   በመጨረሻ «ያ ሰፊው ቧንቧ የት ደረሰ?» አልኩት።

«የቱ?» አለ፤ የቱ እንደሆነ ግን ዓይኑ ነግሮኛል።

«ኩላሊቱ።»

«በሁለተኛው ዙር ይገባል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን እሱን አናንሣው እታለም። መዝገብሽ ጥሩ ነው፣ እሱ ይበቃናል። ሴትዮዋ ሌላ ሥራ ታገኛለች።»

የት ታገኛለች? ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የሌሊቱ ደመወዝ አልበቃ ብሏት ቀን ቀን የቤት ክዳን ሣር አጭዳ በሸክም ትሸጣለች። ይህን ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ልቤ የፈራው ስለ እሷ መናገሩን አልነበረም። አንዱን ክር ብስብ ሁሉም እንደሚተረተር ገብቶኛል፤ የእኔ መዝገብ፣ የእሱ ገንዳ፣ ሃያው ቦታ። እጄን ታጠብኩና ተነሣሁ።

ኮሚቴው ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ነን፤ የላስቲክ ወንበር፣ የማይሠራ ኤሲ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የታሸገ ውሃ። የሞተው ዓሣ ከግቢው ጀርባ ቢቀበርም ሽታው በመስኮት ይገባል፤ ማንም አላነሣውም። አቶ ረታ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቃለ ጉባኤውን ራሳቸው ይዘዋል፤ ገና ሳይጠየቅ ግማሽ ገጽ ተጽፏል። ኛቹዎል ተጠራች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም፤ ተቀመጪ ያላትም የለም። «መብራት ሲጠፋ ተኝተሽ ነበር?» አሏት። ዝም አለች። እንዳልገባት መስሏቸው እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው በምልክት ደገሙላት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። «ዝምታም መልስ ነው፤ ይያዝ» አሉና ጻፉ። ሂጂ ተባለችና ወጣች። እኔ ያን ዝምታ እንደ ኩራት ነው የቆጠርኩት፤ በማያከብራት ሸንጎ ፊት ቃሏን አላባክንም ያለች መሰለኝ። በዚህ ላይ ነው አፌ የተከፈተው።

«አቶ ረታ፣ መዝገቡ ውሸት ነው» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ቅደም ተከተሉን አላስታውስም፤ ድምፄ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ለክቼ አላውቅም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስት ሰዓት እየለካሁ በአሥራ ሁለት ሰዓት ዓምድ ላይ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት በሰዓቱ ሄጄ ነበር፣ አንድ ነጥብ ሦስት ነው፣ ታች ከግማሽም በታች። ጤነኛ ገንዳ መብራት ቢጠፋበት እስኪነጋ ይችላል፤ የእኛ ግን ሞተሩ እየሠራም በየጠዋቱ አፋፍ ላይ ነበር። ዘበኛዋ ግንቦት ላይ ነግራኝ ሳቅኩባት። እሷን ማባረር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አቶ ረታ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሮ አባይነሽ፣ የሚሉት ይገባዎታል? የሁለት ዓመት ጥናት እኮ ነው። ላይ ድረስ ሪፖርት የሄደ!»

«ይገባኛል።»

«ይሁን፣ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ኦክስጅኑ ምን ነካው? ገንዳው ደኅና ከሆነ ለምን ይወርዳል?»

ይህን የጠየቁት እኔን ነው፤ የሰዎቹ ዓይን ግን ቀስ እያለ ወደ ዕዝራ ሄደ። ዕዝራ የውሃውን ጠርሙስ ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔም ጠበቅኩት። ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩት፣ በልቤ ስሙን ጠራሁት። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ያን አንገት እኔ ነኝ አቦቦ ወንዝ ዳር በሳሙና ያሸሁት። ስለ ቧንቧው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፣ እሱም አላላትም፣ እኔም አላልኳት። «ይህ ገና ጥናት ይፈልጋል» አልኩ። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ። የሰው እህት ሆኖ ሁሉንም እውነት በአንድ ቀን መናገር የሚችል ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

ውሳኔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዘበኛዋ በሥራዋ ትቀጥል ተባለ። የሁለት ዓመቱ መረጃ ተሰረዘ፤ ሁለተኛው ዙር፣ ያ ሃያው ቦታ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። እኔ ጉዳዬ በዲሲፕሊን እስኪታይ ከላብራቶሪ ወጥቼ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድቀመጥ፣ ቁልፉንም ዛሬውኑ እንዳስረክብ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን ተራ በተራ ፈረምን። ዕዝራ ከእኔ ቀጥሎ ነበር፤ ወረቀቱን ሳቀብለው ጣቶቻችን ተነካኩ። ኮሪደሩ ላይ ደርሶብኝ «እታለም...» አለ። «ቧንቧውን ከራሴ ኪስም ቢሆን አስመጣለሁ» ብሎ በፍጥነት ወጣ። ከኋላው አየሁት፤ አካሄዱ አባታችንን ይመስላል። ልቆጣውም ላባብለውም አቅም አልነበረኝም።

ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ ኛቹዎል ከበሩ አጠገብ ማንጎው ሥር ነበረች። ሰሌኗን ጠቅልላ፣ ጀሪካኗን በገመድ አስራ፣ ለመሄድ ተዘጋጅታለች። ሮጬ ደረስኩባት፤ ለሩጫው እንኳ ምክንያት ማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። «አልተባረርሽም» አልኳት። «መዝገቡን ነግሬያቸዋለሁ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም ተብሏል። ዛሬ ማታም ሥራሽ ላይ ነሽ።» አመሰግናለሁ ትላለች ብዬ እንደምጠብቅ ያወቅኩት ሰሌኑን መልሳ ስትዘረጋ ነው። ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ዶክተር» አለች፣ «ያን ሌሊት እኔ ተኝቼ ነበር።»

የሰማሁትን ላረጋግጥ ፊቷን አየሁት።

«መብራት ሲጠፋ አልሰማሁም። ቀን ብዙ ሣር አጨድኩ፣ ደከመኝ። ስነቃ ዓሣ አልቋል። ረታ ጠየቀኝ። ውሸት መናገር አልፈልግም፣ እውነት መናገር ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው።  ለዚህ ነው እንዴ ራሴን ያቃጠልኩት? ለዚህ ነው የልጄን ያህል ያሳደግሁትን ወንድሜን እዚያ ሰው ፊት ያስጨነቅሁት? ቢሮው ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ አቶ ረታ ገና አልወጡም፣ ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቃል ብናገር የእኔ ጥፋት ግማሽ ይቀልልኛል፣ ዕዝራም ይተርፋል። እግሬ ወደዚያ ዞሮ እንደነበር አልደብቅም። ኛቹዎልም እግሬን አይታዋለች። አልለመነችኝም፤ አንገቷን ሰብራ የምወስነውን ትጠብቃለች።

ተመልሼ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

«ስንት ሌሊት ተኛሽ?» አልኳት።

«አንድ» አለች። «አንድ ሌሊት ብቻ።»

«እኔ ሁለት ዓመት» አልኳት።